ለጣት የተሠራ አበባ

መስከረም 1 ቀን ማለዳ፣ የክረምቱ ጭጋግ ገና ከሜዳው ላይ ሳይነሣ፣ ወንዶች ልጆች ሥዕል የተሣለበት ወረቀት ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ማየት በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ልጃገረዶች ዐደይ አበባና እንግጫ ይዘው በዜማ ሲመጡ፣ የወንዶቹ ድርሻ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ አበባ ይታያል፤ አንዳንዱ መልአክ፣ አንዳንዱ ፈረሰኛ፣ አንዳንዱም ከተራራ ጀርባ ብቅ የምትል ፀሐይ ይሥላል። ሥዕሉን የተቀበለው ሰው ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፤ ልጁም ተመርቆ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። ወረቀቱን በበዓሉ ስም ‹‹እንቁጣጣሽ›› ብለው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። ስያሜው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ለልጆቹ በዓሉ ማለት ያ ወረቀት ነውና።

የታተመ የመልካም ምኞት ካርድ መላላክ ግን ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 ለገና በዓል ለወዳጆቹ ሁሉ በየስማቸው ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ስላጠረው፣ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠርቶ በ1000 ያህል ቅጂ አሳተመ። ከእርሱ የተረፈውም እያንዳንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው አገር የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር፣ ካርድ መላክ ለብዙ ሰው የሚቻል ነገር ሆነ። በአገራችን የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ እንዲህ ላለውም መላላክ መንገዱ ተከፈተ። ዛሬ ብዙው ሰው መልካም ምኞቱን የሚልከው በእጅ ስልኩ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ይሁን እንጂ ለሺሕ ሰው የተዘጋጀ ካርድ ለአንድ ሰው የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። እኛ በልጅነታችን የምንሥለው ወረቀት መሥመሩ የተጣመመ፣ ቀለሙም ከዳር የፈሰሰ ቢሆንም፣ የሚቀበለውን ሰው አስቦ የተሠራ ነበር። ሳንቲሙንም አስቦ የተሠራ መሆኑን አልክድም።

ያደግሁት በደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። በጳጉሜን ማታ ጣት በብርድ እየደነዘዘ አበባ መሣል ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለም የሚገዛበት ያጣ ልጅ ጥቁሩን ከከሰል፣ አረንጓዴውን ከቅጠል ጭማቂ፣ ብጫውን ከአበባው ከራሱ ያገኝ ነበር። የቅጠሉ አረንጓዴ በሳምንቱ ወደ ቡና መልክ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሳንቲሙ ተከፍሎ ስላለቀ ተመልሶ የሚወቅስ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ሥዕሌን የተቀበሉኝ ከቤታችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ‹‹እማማ›› ይላቸዋል፤ እኔም ከዚህ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። እማማ ስፌት ሰፊ ናቸው። በሰፈራችን የተዳሩ ሙሽሮች መሶብ አብዛኛው የእርሳቸው የእጅ ሥራ ነው፤ ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩም እንዲሁ። ስንደዶውንና አክርማውን ከገበያ ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ፤ አለላውን ራሳቸው ይነክራሉ፤ ወስፌያቸው ከእጃቸው የሚለየው እንጀራ ሲጋግሩና ሲተኙ ብቻ ነው።

የልጆቹን ሥዕል ሲቀበሉ እንደ ሌላው ሰው አየት አድርገው አያስቀምጡትም ነበር። ወደ ደጅ ብርሃን አውጥተው ያገላብጡታል፤ ከዚያም ይፈርዳሉ። ‹‹ይህ አበባ ዘንጉ የት አለ? በአየር ላይ ነው የበቀለው?›› ይሉኛል። በሚቀጥለው ዓመት ዘንግ ያለው አበባ ይዤ እሄዳለሁ። ‹‹ቀዩ በዛ፤ ቀይ ቀይ የሚሆነው ከአረንጓዴ አጠገብ ሲያርፍ ነው›› ይላሉ። በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴ እጨምራለሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ቀለማት ተቃርኖ በመጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ሥዕሉ በምድጃው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እዚያም ጢስ እየጠጣ ዓመቱን ይከርማል።

ካደግሁና መምህር ከሆንሁ በኋላም ልማዱን አልተውሁትም። በየዓመቱ አንድ ካርድ በብሩሽ ሥዬ መስከረም 1 ቀን እወስድላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ይፈርዳሉ፤ ሳንቲሜንም ይሰጡኛል። አልቀበልም ማለት አይቻልም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የእማማ ስፌት መልኩን ይለውጥ ጀመር። በመሶቡ ዙሪያ የሚሄደው ቀይ መሥመር ከመንገድ ላይ ድንገት አረንጓዴ ይሆናል፤ ብጫ ይገባል በተባለበት ቦታ ሐምራዊ ይገኛል። ጎረቤቱ አዲስ ጥለት ያወጡ መስሎት ነበር፤ አንዳንዱም ወደደው። ልጃቸው ነገሩ አላምር ብሏት ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው በሽታው ግላኮማ መሆኑ ታወቀ። ግላኮማ የዐይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ውስጥ ካለው ፈሳሽ ግፊት መጨመር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሕመም ሳያሰማ እይታን ከዳር ወደ መሐል እያጠበበው ስለሚሄድ በሽተኛው ሳያውቀው ብዙ ጊዜ ያልፋል። የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ ብርሃን ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን አይመለስም። በጊዜ ከተደረሰበት በጠብታ መድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና የቀረውን ማቆየት ይቻላል። ለእማማ የቀረላቸው ጥቂት ነበር፤ ያም ጥቂት በሁለት ዓመት ውስጥ ዐለፈ። አለላቸውን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበትና ቀለም የሌለበት ሰፌድ ብቻ መስፋት ጀመሩ።

አምና በእንቁጣጣሽ ዕለት እንደ ልማዴ ካርዴን ይዤ ሄድሁ። ዐደይ አበባ በሞላበት ሜዳ ላይ ሁለት በሬዎች ሥያለሁ፤ ብዙ ማታ የደከምሁበት ሥራ ነበር። እማማ ተቀብለው በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት። ገልብጠውም በጀርባው በኩል ዳሰሱት።

‹‹ምን አለበት?›› አሉኝ።

ነገርኋቸው። ስለ በሬዎቹ ቀንድ፣ ስለ ሜዳው፣ በስተ ኋላ ስላለው ሰማይ እስክጨርስ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

‹‹ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው›› አሉ። ‹‹ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው። ከእንግዲህ ለእኔ አትድከም ልጄ። ለሚያይ ሰው ስጠው።››

ሳንቲሙን ግን ሰጡኝ።

ይህ ቃል ብዙ ቀን ከእኔ ጋር ሰነበተ። በቁጣ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እርሳቸው ግን የተናገሩት በጥሩ ዋጋ የማይሸጥ ዕቃ ለሌላ ገበያ እንድወስድ እንደሚመክር ሰው ነበር። ሌላ ገበያ ደግሞ አልነበረኝም፤ ያንን ሁሉ ዓመት የሣልሁት ለእርሳቸው ነበርና።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ብሬልን ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1824 የቀየሰው፣ በስድስት ነጥቦች አቀማመጥ ላይ የተመሠረተው ጽሕፈት ለአማርኛም ተዘጋጅቶለት ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ይማሩበታል። እማማ ግን በልጅነታቸውም ፊደል አልቆጠሩም። ፊደል ሳይቆጥር ያረጀ ሰው ነጥብ ቁጠር ቢባል ምን ይላል? ከዚህም በላይ እርሳቸው ያጡት ጽሑፍ አይደለም፤ ሥዕል ነው።

ሥዕል በጣት ሊታይ ይችላልን? ጥላና ብርሃን፣ ርቀትና ቅርበት፣ የቀለም ድምቀትና ፍዘት፣ በብሩሽ የለመድሁት ጥበብ ሁሉ ለጣት ምንም ትርጉም የለውም። ጣት የሚያውቀው ከፍታንና ዝቅታን፣ ሻካራንና ልስልስን፣ መጀመሪያንና መጨረሻን ነው። ዐይን ደግሞ አንዱን ገጽ በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ሲያየው፣ ጣት ጥቂት በጥቂት እየለቀመ በሐሳብ ይገጣጥመዋል። እንግዲህ ለጣት የሚሠራ ካርድ ለዐይን ከተሠራው ላይ ትንሽ ነገር በመጨመር የሚገኝ አይደለም፤ ከሥሩ ሌላ ሥራ ነው።

ነገሩን የፈታልኝ የእማማ እጅ ነው። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ከገበያ የመጣላቸውን የሣር እስር ሲለቅሙ አየኋቸው። ስንደዶውን ከአክርማው፣ የዘንድሮውን ከአምናው፣ ርጥቡን ከደረቁ እየለዩ በግራና በቀኝ ይከምራሉ። አንዲት ሴት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ዐይን እያላት፣ የሚለዩበትን ምክንያት እየጠየቀች ነበር። እነዚህ ጣቶች ዕድሜ ልካቸውን ሣር ሲያነቡ ኖረዋል። እንግዲያውስ አዲስ ጽሕፈት ምን ያስፈልጋል?

በሌላ አገርም ቢሆን ካርድን በቀለም ፋንታ በዕፅዋት መሥራት የታወቀ ነገር ነው። በኬንያና በዩጋንዳ የደረቀ የሙዝ ቅጠል እየቆረጡ በወረቀት ላይ በመለጠፍ ካርድ ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለው ካርድ በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎችም ይገኛል። በፈረንሳይ ደግሞ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የስንዴ ወይም የአጃ አገዳ ሰንጥቆና ደፍጥጦ በእንጨት ላይ በመለጠፍ ሣጥንና የቤት ዕቃ ያስጌጡ ነበር። እኔም የስንዴ አገዳ በወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፌ ለመሞከር ቆረጥሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከብሩሽና ከእርሳስ በቀር ሌላ ነገር በእጄ ይዤ ካርድ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ስንዴ በሚዘራበት አገር አገዳ ማግኘት ቀላል መስሎ ይታያል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአውድማ ላይ በበሬ የተበራየ ስንዴ ጭድ ይሆናል፤ ጭድም የተሰባበረና የተጨፈለቀ ስለሆነ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ አገዳው ከታጨደ በኋላ፣ ወደ አውድማ ከመውረዱ በፊት፣ ከነዶው ላይ እየተመዘዘ መወሰድ አለበት። በእኛ አካባቢ ይህ ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚያርስ አንድ ዘመዴ ዘንድ ሄጄ ከነዶው ላይ አንድ እቅፍ አገዳ እንዲሰጠኝ ብለምነው፣ ‹‹እህሉን ትተህ አገዳውን? ማስተማር እንዲህ ያደርጋል እንዴ?›› ብሎ ሣቀብኝ። ዛላውን እየቆረጥሁ እዚያው አስቀርቼለት አገዳውን ብቻ ይዤ ተመለስሁ።

የስንዴ አገዳ በአንጓ የተከፋፈለ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ክፍት ቱቦ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚረዝመውና የሚያምረው ከዛላው ቀጥሎ ያለው የላይኛው ክፍል ነው። አንጓዎቹን በምላጭ ቆርጬ ጣልሁ፤ የተጠቀለለባቸውን ቅጠልም ገፈፍሁ። ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈዘፍኋቸው። ደረቅ አገዳ ምላጭ ሲነካው ይፈረካከሳል፤ ውሃ የጠጣ አገዳ ግን እንደ ለፋ ቆዳ ይታዘዛል። ርዝመቱን ተከትዬ ከሰነጠቅሁት በኋላ ውስጡን ወደ ላይ አድርጌ በማንኪያ ጀርባ ጫንሁት፤ ቀጥሎም በጨርቅ ሸፍኜ መጠነኛ ሙቀት ባለው ካውያ ተኰስሁት። ቱቦ የነበረው ጥብጣብ ሆኖ ወጣ።

በዚህ ጊዜ በእጄ ላይ ያየሁት ነገር ከጠበቅሁት በላይ ነበር። የአገዳው የውጭ ገጽ እንደ ወርቅ ያበራል። ይህን ማብረቅረቅ የሚሰጠው በገጹ ላይ ያለው ሰም መሰል ሽፋንና በውስጡ የሚገኘው ሲሊካ ነው። ካውያው ረዘም ላለ ጊዜ ሲያርፍበት ወርቃማው ወደ ጠይም፣ ጠይሙም ወደ ቡና መልክ ይለወጣል፤ ስለዚህ አንዲት ጠብታ ቀለም ሳልጠቀም አራት ዐይነት መልክ አወጣሁ። ጥብጣቦቹን በብርሃን ላይ እያዘነበልሁ ብዙ ሰዓት ተመለከትኋቸው። ከዚያ ዐይኔን ጨፍኜ ዳሰስኋቸው። አራቱም አንድ ነበሩ፤ ወረቀት ላይ ሲያርፉም ከወረቀቱ እምብዛም አይለዩም።

እንግዲህ የሚያበራውን መተው ግድ ሆነ። አገዳውን ከመደፍጠጥ ይልቅ ለሁለት ብቻ ሰንጥቄ ግማሹን ቱቦ እንዳለ በሆዱ ስለጥፈው፣ ጀርባው ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ጣት የሚከተለው መንገድ ይሆናል። ከአሮጌ ገመድ ላይ የፈታሁት ቃጫ ደግሞ ተቆራርጦ ሲለጠፍ ሻካራ ነው። ልሙጥ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ የተደፈጠጠውን አገዳ በሁለትና በሦስት ድርብ አነባበርሁት። ለመለጠፊያ የግራር ሙጫ በሙቅ ውሃ በጠበጥሁ። ሙጫው በቀጠነ ጊዜ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፤ በወፈረ ጊዜ ከአገዳው ሥር እየወጣ ደርቆ ጣት ይቧጭራል። ልኩን ያገኘሁት በማር ውፍረት ነው። የተለጠፈውም ሌሊቱን ከከባድ መጽሐፍ ሥር ተጭኖ ማደር ነበረበት፤ መዝገበ ቃላቴ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሰጥቶኝ አያውቅም።

በማስተምርበት ክፍል ማየት የተሳነው አንድ ተማሪ አለ፤ በብሬል ማንበብ ከዐይናሞቹ ቀድሞ ገጹን የሚጨርስ ነው። በግንቦት ወር አንድ ናሙና አዘጋጅቼ አሳየሁት። በናሙናው ላይ አራት አበቦች ከነቅጠላቸው፣ ከአበቦቹም በላይ በቅርንጫፍ ላይ ያረፈች አንዲት ወፍ ነበረች። ተማሪው በሁለት እጁ ጣቶች ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ ተመለሰበትም።

‹‹መምህር፣ ይህ የቅዳሜ ገበያ ነው?›› አለኝ።

‹‹ስለምን?›› አልሁት።

‹‹ይጋፋል። በብሬል አንዱ ነጥብ ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚርቅ ነው ለይቼ የማነበው። እዚህ ላይ ግን አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አላገኘሁትም። ለእናንተ ባዶ ቦታ ባዶ ነው፤ ለእኔ ግን የሚነግረኝ እርሱ ነው።›› ጥቂት አሰበና ጨመረበት፤ ‹‹ደግሞ አጥር ያብጁለት። ጣቴ ሲገባ በሩን ይወቀው።››

ምክሩን ተቀበልሁ። ሦስቱን አበቦች አስወጣሁ፤ ቅጠሎቹን ቀነስሁ፤ ወፏንም አነሣሁ። ወፏ ግን አሳዘነችኝ፤ ከሁሉ የተዋጣችልኝ እርሷ ነበረች። ጡቷ ከልሙጥ አገዳ፣ ክንፏ ከቃጫ የተሠራ ነበርና መጣል አልሆነልኝም፤ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኋት።

ካርዱን የሠራሁት በነሐሴ ነው። ለዚህ ሥራ ከነሐሴ የከፋ ወር የለም። አገዳ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ማታ ቀጥ ብሎ የተለጠፈው ጧት ጫፉ ተነሥቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ካርዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ከእሳቱ ግን ራቅ አድርጌ አስቀምጠው ነበር። ስፋቱ ከአንድ የደብተር ገጽ አይበልጥም። በአራቱም ማዕዘን በስንደዶ አጠርሁት። ከግርጌው በኩል እንደ እርሻ ትልም ጎን ለጎን የሚሄዱ አምስት ግማሽ ቱቦዎች አሉ። ከትልሙ በላይ፣ ጥቂት ባዶ ቦታ ትቼ፣ አንድ ረጅም ዘንግ ቆመ፤ በዘንጉ ራስ ላይም ስምንት ልሙጥ የአበባ ቅጠሎች በክብ ተደረደሩ፤ መሐላቸው ላይ የቃጫ እብጠት አለ። ከዚህ በቀር ምንም የለም። ፊደል አልጻፍሁበትም። በእጥፉ መካከል አንድ የአሪቲ ቅርንጫፍ አስገባሁ።

እኔ በብሩሽ የሠራኋቸውን ካርዶች ያየ ሰው ይህን ቢያይ የሕፃን ሥራ ነው ይል ነበር። ለዐይን እንዲያው ነው። እኔም ዐይኔን ገልጬ ስመለከተው ያፍረኛል፤ ጨፍኜ ስዳስሰው ግን ደስ ይለኛል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ጳጉሜን ዐለቀች።

ዘንድሮ መስከረም 1 ቀን ወደ እማማ ቤት ስገባ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፉ ነበር።

‹‹እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ።››

‹‹እንኳን አብሮ አደረሰን። አትድከም አላልሁህም?›› አሉ፤ ድምፄን ብቻ ሳይሆን የወረቀቱንም ድምፅ ሰምተው ኖሯል።

ካርዱን በጉልበታቸው ላይ አኖርሁላቸው። እንደ አምናው በመዳፋቸው ሊዳስሱት እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ግን መዳፋቸውን አነሡና በጣታቸው ጫፍ አጥሩን ያዙት።

‹‹ይህ ስንደዶ ነው።››

ዝም አልሁ። አጥሩን ተከትለው አራቱንም ማዕዘን ዞሩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ትልሙን አንድ በአንድ ተሻገሩት። ‹‹ታርሷል›› አሉ ለራሳቸው። ዘንጉን አገኙት፤ በዘንጉም ላይ ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ‹‹ይኸኛው ግን ስንዴ ነው። ስንዴ ለስፌት አይሆንም፤ ይሰበራል›› አሉ፤ ጣታቸው ግን አልቆመም። የአበባውን ቅጠሎች በከንፈራቸው እየቆጠሩ ዞሩ፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ከመጀመሪያው መጋጠሙን አረጋገጡ። መጨረሻ ላይ ቃጫውን ነኩትና ቆዩበት።

‹‹ዐደይ ነው›› አሉ። ‹‹እዚህ ጋ ንብ ታርፍበታለች።››

ካርዱን ገለበጡና ጀርባውን ዳሰሱ። እንደገና ወደ ፊቱ መለሱት። ብዙ ጊዜ ያለፈ መሰለኝ፤ ምናልባትም ብዙ አልነበረም።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። ‹‹ይህ ዘንግ ግን መሬት አልደረሰም። ዛሬም በአየር ላይ ነው የምታበቅለው?›› አሉኝ። ክፍተቱ የተተወው ሆን ተብሎ፣ ጣት ዘንጉን ከትልሙ እንዲለይ በማለት መሆኑን ባስረዳቸውም አልተቀበሉኝም። ወስፌያቸውን አነሡ።

‹‹እማማ፣ ወረቀቱ ይቀደድብዎታል።››

‹‹ሰፊው አንተ ነህ እኔ?››

ከትልሙ አጠገብ አንድ ቀዳዳ፣ ከዘንጉ ሥር ሌላ ቀዳዳ በሱና ቀጭን ስንደዶ አሳልፈው ዘንጉን ከመሬቱ ጋር አገናኙት። ወረቀቱ አልተቀደደም። ስፌታቸው ከእኔ ሙጫ ይልቅ ጥብቅ መሆኑን እዚያው አየሁ። ከዚያ በኋላ ካርዱን አላስቀመጡትም፤ በአጥሩ ላይ ወስፌያቸውን እያሳረፉ ጥቂት አሰቡ።

‹‹እስቲ ከሣጥኑ ውስጥ አለላውን አምጣልኝ›› አሉ።

ሣጥኑን ከፈትሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ብጫ አለላ ተደበላልቆ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ተቀመጠ አለ። እንድለየው አዘዙኝ። ‹‹ቀዩን እሰርና አንድ ቋጠሮ ቋጥርበት። አረንጓዴውን ሁለት። ሐምራዊውን ሦስት።››

‹‹ብጫውንስ?››

‹‹ብጫውን ተወው። ያልተቋጠረው ብጫ ነው።››

እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ስለይና ስቋጥር ዋልሁ። እያንዳንዱን እስር ስጨርስ እየተቀበሉ ቋጠሮውን ይቆጥራሉ፤ ቀለሙን ይጠሩታል፤ እኔም ‹‹አዎን›› እላለሁ። ልጃቸው ቡና አፍልታ ስታበቃ በካርዱ ዳር፣ በስንደዶው አጥር ላይ፣ አንድ ቀይ ዙር ተሰፍቶ ነበር፤ ከቀዩ አጠገብ አረንጓዴ ጀምረዋል።

ሳንቲሜን ተቀብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

‹‹ወፍ አላደረግህበትም›› አሉ። ‹‹ከአበባው በላይ ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ለከርሞ ወፍ አድርግበት።››

ወፏ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ ናት። ክንፏን ከቅርንጫፉ በምን ያህል ማራቅ እንደሚገባኝ ከተማሪዬ ጋር እየተመካከርን ነው፤ እርሱ ግማሽ ጣት ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን እማማ ያንን ክፍተት መልሰው እንዳይሰፉት እፈራለሁ።